ሁለት አውጪ፣ ተቀባይ የሌለው ጨዋታ፦ የጀርቬዝና የሻንድሊንግ ቃለ መጠይቅ ድሬ ላይ ሲታይ

እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ሪኪ ጀርቬዝ አሜሪካዊውን ጋሪ ሻንድሊንግን ቤቱ ድረስ ሄዶ ያነጋገረበትን ፕሮግራም ቻናል ፎር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ቃለ መጠይቅ መጥቶ ሄዷል፤ ይህኛው ግን አሁንም ሰው ያከራክራል። ድሬዳዋ ውስጥ ኮሜዲ የሚከታተሉ ልጆች ሰብሰብ ብለው ሲያዩት ገና ሳይጋመስ ክርክሩ ይነሳል። የምር ተቀያይመው ነው? ወይስ ተማክረው እኛ ላይ ሙድ እየያዙብን ነው? ፍርዳችንን ከወዲሁ እናስቀምጥ፦ ጊዜ ሰጥቶ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። በስልክ፣ በቁርጥራጭ፣ ቬንትሌተር አናቱ ላይ እየጮኸ የሚያየው ሰው ግን አላየውም ማለት ይቻላል። የፕሮግራሙ ቁም ነገር ያለው በሁለቱ ንግግር መካከል በሚወድቀው ዝምታ ላይ ነውና።

ሻንድሊንግን ለማያውቅ ጥቂት እንበል። በ1949 ቺካጎ ተወልዶ አሪዞና ያደገ፣ መጀመሪያ ለሌሎች ሰዎች የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሲጽፍ የቆየ ሰው ነው። በኋላ መድረክ ላይ ወጥቶ ስሙ ሲነሳ፣ ጆኒ ካርሰን በማይገኝባቸው ምሽቶች ወንበሩ ላይ እየተቀመጠ የአሜሪካን ትልቁን የምሽት ሾው መርቷል። ትልቁ ሥራው ግን ከ1992 እስከ 1998 በኤችቢኦ የታየው «ዘ ላሪ ሳንደርስ ሾው» ነው። እዚያ ላይ የሚጫወተው የቶክ ሾው አዘጋጅ ሆኖ ነው፤ ካሜራ ሲበራ ጥርሱ የማይከደን፣ ካሜራ ሲጠፋ ደግሞ በራሱ የማይተማመን፣ ሰው ሁሉ የሚያማው የሚመስለው አዘጋጅ። ታዋቂ ሰዎች በራሳቸው ስም እየመጡ በራሳቸው ላይ ይቀልዱበታል። በመካከሉ በ1993 ኤንቢሲ ዴቪድ ሌተርማን የለቀቀውን የሌሊት ሾው እንዲይዝ ቢጠይቀው እምቢ ብሏል። እንግዲህ ስድስት ሲዝን ሙሉ የቃለ መጠይቅን ገበና ሲገልጥ የኖረ ሰው ካሜራ ይዞ ደጁ የሚመጣ እንግዳ ምን ፈልጎ እንደመጣ አይጠፋውም። ፕሮግራሙን የሚያይ ሰው ይህቺን ነገር ልብ ብሎ መጀመር አለበት።

ጀርቬዝ ደግሞ የ«ዘ ኦፊስ» ባለቤት ነው። ከ2001 ጀምሮ በቢቢሲ የታየው ያ ተከታታይ ድራማ የተገነባው ራሱን ቀልደኛ አድርጎ በሚቆጥር አለቃ ላይ ነው፤ አለቃው ቀልድ ይወረውራል፣ የሚስቅ ይጠፋል፣ ካሜራው ግን ፊቱ ላይ እንደተተከለ ይቀራል። ከስቱዲዮ የተጨመረ የሳቅ ድምፅ የለውም። ቀጥሎ የሠራው «ኤክስትራስ» ታዋቂ ሰዎችን በራሳቸው ስም እያመጣ ያስቃል፤ የሻንድሊንግን ሥራ የሚያውቅ ሰው መንገዱን ወዲያው ይለየዋል። ጀርቬዝ የሻንድሊንግ አድናቂ መሆኑን ደብቆ አያውቅም። ሁለቱም እንግዲህ ሰው በማሳቀቅ እንጀራ የበሉ ናቸው፤ በዕድሜ ጀርቬዝ በ12 ዓመት ያንሳል።

ፕሮግራሙ ብቻውን የቆመ አይደለም። ጀርቬዝ የሚያደንቃቸውን ኮሜዲያኖች እየሄደ ያነጋገረባቸው ሦስት ክፍሎች አሉ፤ የሌሎቹ እንግዶች ላሪ ዴቪድና ክሪስቶፈር ጌስት ናቸው። ከሻንድሊንግ በፊት የላሪ ዴቪድን ማየት ግድ ነው እንላለን። እዚያ ጨዋታው ይፈስሳል፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል፣ ጀርቬዝ በዚያ ቀጭን ሳቁ ይንከተከታል፣ ላሪ ዴቪድም አብሮት ይስቃል። ያንን አይቶ ወደ ሻንድሊንግ የሚመጣ ተመልካች አዘጋጁ ያው ሰው፣ ሳቁም ያው ሳቅ መሆኑን ያያል፤ የሚመልስለት ግን የለም። ልዩነቱ እንግዳው ላይ መሆኑ ያለ ማብራሪያ ይገባል። በዚያ ላይ «ጀርቬዝ ቃለ መጠይቅ አይችልም» የሚለውን የችኮላ ፍርድ ያስቀራል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ድሬ ላይ ያለ ተመልካች ከሌላው ዓለም ተመልካች ቀድሞ የሚያነሳው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቃለ መጠይቁ የተቀረጸው በስቱዲዮ ሳይሆን ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የሻንድሊንግ ቤት ነው። በፕሮግራሙ ሕግ አዘጋጁ ጀርቬዝ ነው፣ እንግዳው ሻንድሊንግ። በቤቱ ሕግ ግን አባወራው ሻንድሊንግ ነው፣ እንግዳው ጀርቬዝ። «አረፍ በል» የሚለው ማን ነው? ጨዋታ የሚያመጣውስ? በእኛ አገር ደንብ መልሱ ግልጽ ነው፤ ቤቱ ለመጣ ሰው ፊት የሚያሳየው ባለቤቱ ነው። ሻንድሊንግ ደግሞ ፊት ነስቶታል። እናቶች ካሉበት ክፍል ውስጥ «እንዴ! ቤቱ ድረስ ለመጣ ሰው እንዲህ ይደረጋል?» የሚል ድምፅ ሳይሰማ አይቀርም። ወጣቶቹ በተቃራኒው «ካሜራ ይዞ የመጣ እንግዳ አይደለም፣ ሠራተኛ ነው» ብለው ለሻንድሊንግ ይከራከራሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚያሳቅቀውም ሁለቱም ሰዎች በአንድ ጊዜ አስተናጋጅም እንግዳም መሆናቸው ነው። አንዱ የአስተናጋጅነቱን ድርሻ በያዘ ቁጥር ሌላው ከእጁ ይነጥቀዋል። ጀርቬዝ ይጠይቃል፤ ሻንድሊንግ ጥያቄውን መልሶ ይጠይቀዋል። ጀርቬዝ ለማድነቅ አፉን ይከፍታል፤ ሻንድሊንግ አድናቆቱን አይቀበለውም፣ አይመልሰውምም፤ መሬት ላይ እንዲወድቅ ትቶት ያየዋል።

የአማርኛ ኮሜዲን የሚያውቅ ሰው ነገሩን በአውጪና በተቀባይ ቢያስበው ይቀለዋል። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ መድረክ ላይ ሲቆሙ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ተቀባዩ ቀልዱን ባይናገርም መቼ ዝም እንደሚል፣ መቼ «እህ?» እንደሚል የሚያውቀው እሱ ነው፤ ያለ እሱ አውጪው ባዶ ሜዳ ላይ ይጮኻል። ቃለ መጠይቅም ከዚህ አይለይም። ጥሩ አዘጋጅ ተቀባይ ነው። ጀርቬዝ ግን በተፈጥሮው አውጪ ነው፤ ሻንድሊንግ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ የራሱን ቀልድ ይደርብበታል፣ ቀድሞ ራሱ ይስቃል። ሻንድሊንግም አውጪ ነው፤ ያውም ቀስ ብሎ የሚያወጣ፣ ለቀልዱ ቦታ የሚፈልግ። ቦታው በሌላ ሰው ሳቅ ሲሞላበት ዝም ይላል። ዝም ሲል ጀርቬዝ ይደነግጥና ይበልጥ ያወራል፤ እሱ ይበልጥ ሲያወራ ሻንድሊንግ ይበልጥ ዝም ይላል። አዙሪቱ ይኸው ነው፤ እስከ መጨረሻው ይህንኑ እያጠበቀ ይሄዳል።

ተመልካቹ እንግዲህ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ወገን የምር ጠብ ነው የሚለው ነው፤ የሻንድሊንግን ዓይን አይቶ «ደብሮታል፣ ቢወጣለት ይወዳል» ይላል። ሁለተኛው ሁሉም የተጠና ነው ይላል፤ ሁለቱም በማሳቀቅ የታወቁ ስለሆኑ ሌላ ነገር መጠበቅ የዋህነት ነው ባይ ነው። ሦስተኛው ወገን፣ እኛም የምናዘነብለው ወደዚህ ነው፣ አንዱ ያውቃል አንዱ አያውቅም ይላል። የጀርቬዝ ድንጋጤ እውነተኛ ነው፣ የሻንድሊንግ ቅዝቃዜ ግን ምርጫ ነው። ጥሩ ቃለ መጠይቅ ሊሰጠው ይችል ነበር፤ ከዚያ ይልቅ «ላሪ ሳንደርስ» ላይ ያሳየውን ነገር ቤቱ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ሞከረው። ይህ ክፋት ነው የሚል ካለ አንጣላውም።

ለክርክሩ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ስሜቱን ከሚያደምጥ ፍሬሙን ቢያይ ይሻለዋል። ቃለ መጠይቅ ኤዲት ሲደረግ ዝምታን መፍጠር በጣም ቀላል ነው። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ቆረጥ ይደረግና የሌላው ዝም ያለ ፊት ይገባል፤ ያ ፊት ግን የተቀረጸው ከአምስት ደቂቃ በፊት ሊሆን ይችላል፣ ምናልባትም የማይክ ገመድ ሲስተካከልለት። ስለዚህ ሰውየው ብቻውን ፍሬሙን ሞልቶ ዝም ካለ አትመኑ። ሁለቱም በአንድ ፍሬም ውስጥ ሆነው፣ ቆረጣ ሳይገባ፣ አንዱ ተናግሮ ሌላው ሳይመልስ ሦስት አራት ሰከንድ ካለፈ ግን ያ ዝምታ በክፍሉ ውስጥ በእርግጥ የነበረ ነው። እጅ ላይም ማየት ነው፤ ከቆረጣው በፊትና በኋላ እጁ የነበረበት ቦታ፣ የእግሩ አነባበር፣ የልብሱ አጨማደድ ካልገጠመ ጊዜው ተዘሏል። ሌላው ምልክት የድምፅ መደራረብ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ኤዲተር ለያይቶ መቀጠል ስለሚከብደው እንዲህ ያለው ቦታ ብዙውን ጊዜ እንደተቀረጸ ይቀራል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ማቋረጡና መደናበሩ የተጋገረ አይመስልም። ኤዲተሩ ያደረገው ትልቅ ነገር ሌላ ነው፦ ሌላ ቴሌቪዥን ቢሆን ተቆርጦ የሚጣለውን ትንፋሽ መተው። ያንን ትንፋሽ ቆርጣችሁ ብታወጡት የሚቀረው ተራ፣ ትንሽ የቀዘቀዘ ቃለ መጠይቅ ነው።

ለእኛ ተመልካች እንግዳ የሚሆነውም ይኸው ነው። ዓይናችን የለመደው የሰይፉ ፋንታሁንን ዓይነት ሾው ነው፤ እንግዳው በሙዚቃና በጭብጨባ ይገባል፣ አዳራሹ ሞልቷል፣ ጨዋታው ቢቀዘቅዝ እንኳ የታዳሚው ሳቅ ይሸፍነዋል። እዚህ ታዳሚ የለም፣ ባንድ የለም፣ የሚያጨበጭብ የለም። የድሬ ሰው ደግሞ በባሕርይው ዝምታ አይወድም። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ «አቦ» ነው፤ ሰው ሲኮራብህ «አቦ ምን ሆነሃል?» ብለህ በግልጽ ትገላግለዋለህ። ስለዚህ አብዛኛው ተመልካች ጀርቬዝ ላይ የሚበሳጨው ስላወራ አይደለም፤ ያቺን አንዲት ጥያቄ ስላልጠየቀ ነው። «በቃ ቅር ያለህ ነገር ካለ ንገረኝ» ቢለው ኖሮ ጨዋታው እዚያው ይገለበጥ ነበር። ይህ ትችት ከየትኛውም የውጭ ሐያሲ ትችት የሚሻል ይመስለናል። ኋላ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የጎልደን ግሎብ ሽልማትን አምስት ጊዜ ሲመራ የሆሊውድን ባለጸጎች ፊት ለፊት ያንጓጠጠው ያው ሰው እዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ቀጥተኛ ጥያቄ አጥቶ ማየት ይገርማል። ያኔ ግን ከፊቱ ያለው ሰው የሚያከብረው ሰው አልነበረም።

ለብቻ ማየት ይቻላል፤ በቡድን ማየት ግን ይበልጣል፣ ክርክሩ ግማሹ ነውና። ለቡድን ሲታይ ግን ድሬ የራሷ ችግር አላት፤ ዝምታ የሚባል ነገር ማግኘት።

የመጀመሪያው ጠላት ቬንትሌተር ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ሙቀት ያለ እሱ መቀመጥ አይቻልም፤ ከሱ ጋር ደግሞ የሻንድሊንግ ግማሽ ንግግር ይጠፋል፣ ሰውየው ለራሱ የሚያወራ ያህል ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ዝግጅቱን ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቀዝ ያሉ ምሽቶች ማድረግ ነው። ሌላ ወር ከሆነ ክፍሉን ቀድሞ አቀዝቅዞ ፕሮግራሙ ሲጀመር ማጥፋት፤ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፣ ሰው ይችለዋል። ሐረር ያሉ ሰዎች በዚህ ይታደላሉ፤ ከተማቸው ከድሬ በ600 ሜትር ገደማ ስለምትበልጥ ማታ ላይ ማንም ቬንትሌተር አያስብም። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ከመግሪብ አዛን በፊት ከተጀመረ መካከሉ ላይ ይቋረጣል፤ በመግሪብና በኢሻ መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ለመግቢያ ገለጻም ለፕሮግራሙም አይበቃም። ከኢሻ በኋላ፣ ማታ 2 ሰዓት አካባቢ መጀመር ነው። ሦስተኛው ባጃጅ ነው። መጋላና ታይዋን አካባቢ መንገድ ዳር ያለ ክፍል አይሞከርም፤ ከዚራ ውስጥ ገባ ያለ ግቢ ይሻላል።

ስለ ክፍሉ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ሴራሚክ የተነጠፈበት፣ ግድግዳው ባዶ የሆነ አዳራሽ ድምፁን ያስተጋባና ቀስ ተብሎ የተነገረውን ያደበላልቀዋል። የሚገርመው፣ ለዚህ ሥራ የሚስማማው የበርጫ ክፍል ነው፦ ምንጣፍ፣ በግድግዳው ዙሪያ ፍራሽና መከዳ፣ ወፍራም መጋረጃ። ማስተጋባቱን ይውጠዋል። የበርጫው ሰዓት ራሱ ግን አይመከርም፤ ሞቅ ሲል ሁሉም አውጪ ይሆናል፣ ሲበርድ ደግሞ ከሻንድሊንግ ጋር አብሮ ዝም የሚል ክፍል ነው የሚኖራችሁ።

ድምፁን ስታስተካክሉ በጀርቬዝ አትለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጀርቬዝ ሲስቅ ጆሮ ስለሚበሳ ይቀንሱታል፣ ከዚያ ሻንድሊንግ አይሰማም። ሻንድሊንግ ዝቅ አድርጎ የሚናገርበትን ቦታ ከፍቶ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ መስማት፣ ቃሉ ሲለይ እዚያው መተው፤ ሳቁ ቢበሳ ይብሳ። ቤዙ ይቀነስ፣ ንግግር አያጠራምና። 30 ሰው ለሚይዝ ክፍል ሁለት መካከለኛ ስፒከር ይበቃል፤ መሬት ላይ ሳይሆን ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ሰው የዞረ። የላፕቶፕ ስፒከር ለአራት ሰው እንኳ አይሆንም። ፕሮጀክተሩ የራሱ ማራገቢያ ስላለው ከሰዉ መካከል ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፤ ከኋላ ይሁን።

ቪዲዮውን በቀጥታ ከኢንተርኔት ማሳየት አያዋጣም። ኔትወርኩ ተንጠልጥሎ ክቡ መዞር ሲጀምር ተመልካቹ የትኛው ዝምታ የሻንድሊንግ፣ የትኛው የኔትወርክ እንደሆነ አያውቅም፤ ቀልድ አይደለም፣ በዚህ ፕሮግራም ላይ በእርግጥ አይለይም። ቀድሞ ማውረድ ነው። በ480 ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ ግማሽ ጊጋባይት አካባቢ፣ በ360 ከሆነ 300 ሜጋባይት አካባቢ ይፈጃል። በ360 የፊት ዝርዝር ይደበዝዛል፤ እዚህ ደግሞ ፊት ነው ሁሉ ነገር፣ ስለዚህ ከ480 በታች አትውረዱ። ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው፤ መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩ ባይቀጥል እንኳ የቆመበት ቦታ አይጠፋም።

ትርጉሙ ከሁሉ ይከብዳል። ማይክ ይዞ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ካስቀመጣችሁ እያንዳንዱን ዝምታ እሱ ይሞላዋል፣ ፕሮግራሙ እዚያው ሞተ። የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ወስዶ ሁለቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደሚያደንቅ መንገር። ከዚያ እያዩ ርዕሰ ጉዳዩ በሚቀየርባቸው ሦስት ወይም አራት ቦታዎች ላይ ብቻ ቪዲዮውን አቁሞ ያለፈውን በአጭሩ በአማርኛ ማስረዳት። ዝም ባሉበት ቦታ በፍጹም አይቆምም፤ ማንም አይናገርም። ድሬ ላይ ደግሞ ከጎን ላለው በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚያንሾካሹክ ሰው አይጠፋም፤ ቀናነት ነው፣ ግን ሹክሹክታው ከመጨረሻው ረድፍ ሲሰማ እንደ ማጉረምረም ነው። የሚያስረዳው ሰው በየማቆሚያው ላይ በሁለተኛው ቋንቋም አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ሹክሹክታው ይቀራል። በኮምፒውተር የሚመነጨውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አጥፉት፤ ዓይን ወደ ታች ይሄድና ፊቱ ያመልጣል። ጸያፍ ቃል ስለማይጠፋበት ልጆች ባሉበት ባይታይ ጥሩ ነው።

በስልክ የሚዘዋወሩት ሁለት ሁለት ደቂቃ ቁርጥራጮች ግን የዚህን ሥራ ስም ያጠፉ ናቸው። አብዛኞቹ ዝምታውን አውጥተው ክፉ ክፉዋን ንግግር ብቻ ያስቀራሉ፤ ርዕሳቸው ላይ «ጠብ» የሚል ይለጥፋሉ። እነሱን ያየ ሰው ሻንድሊንግ ተሳዳቢ ሽማግሌ ይመስለዋል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 በ66 ዓመቱ ስላረፈ መልስ የሚሰጥ የለም። ሙሉውን ማየት የማይችል ካለ ቁርጥራጩን ይተወውና የላሪ ዴቪድን ክፍል ይመልከት፤ ቢያንስ እዚያ የተቆረጠውም ያስቃል።